ባለ 24 ክፍሉ የእቴጌ እሌኒ ሥዕል፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከመግዛታችሁ በፊት

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ ከፋፍሎ መሣል በአገራችን የቆየ ሙያ ነው። ብዙ ጊዜ 44 ክፍል አለው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ በየክፍሉ ግርጌ አጭር ጽሑፍ ይሰፍራል። ሐዋሳ ውስጥ፣ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል በሐይቁ ዳር ከሚሸጡት የእጅ ሥራዎች መካከል በዚሁ ወግ የተሣለ፣ ነገር ግን ስለ ሌላ ንግሥት የሚናገር ሸራ አለ። ንግሥቲቱ የሐድያው ገራድ (ገዥ) መሐመድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት፣ በእርጅናቸው ደግሞ የልጁ ንጉሥ የዐፄ ልብነ ድንግል እንደራሴ የነበሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። ሸራው 24 ክፍል አለው።

ዕቃው ይገዛል። ለሳሎን፣ ለሆቴል መግቢያ፣ ይበልጡን ደግሞ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሆን ነው፤ ስለ 15ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያ ልጅ ግድግዳ ሥር ቆሞ የሚያነበው ነገር እጅግ ጥቂት ነውና። ነገር ግን ንድፉ አንድ ቢሆንም የሚሥሉት እጆች ብዙ ናቸው። ጎን ለጎን ከተሰቀሉ ሁለት ሸራዎች አንዱ የሴትዮዋን ሕይወት አጥርቶ ሲናገር፣ ሌላው በዚያው ቀለምና በዚያው ዋጋ ታሪኩን ሲያበላሽ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ዋጋ መከራከር ከመጀመራችሁ በፊት ክፍል 1፣ 6፣ 10፣ 17፣ 20 እና 22ን ነጥላችሁ ተመልከቱ። እነዚህ ስድስቱ ደህና ከሆኑ ሌላው ብዙም አያሳስብም።

ስለ መጠኑ እንጀምር። ሸራው 140 በ100 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 6 ዓምድና 4 ረድፍ። እያንዳንዱ ሥዕል 22 በ20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ለጽሑፍ ተትቷል። ዙሪያውን የቀረው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ሐረግ ተሥሎበታል። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ፍሬም ሠሪው ሸራውን በእንጨት ላይ ሲወጥር በየጎኑ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎንና ወደ ጀርባ ያጥፋል። ያን ጊዜ ሐረጉ በሙሉ ከዐይን ይጠፋል፤ የዳር ክፍሎች ጽሑፍም የመጀመሪያ ፊደሉን ያጣል። አዲስ የምታዝዙ ከሆነ ከሐረጉ ውጪ በየጎኑ 6 ሴንቲ ሜትር ባዶ ሸራ እንዲተው አስቀድማችሁ ተናገሩ። የተዘጋጀ ከገዛችሁ ደግሞ በጀርባው በኩል ዙሪያውን የአቡጀዲ ቅጥያ በኮላ አስለጥፋችሁ በቅጥያው ላይ አስወጥሩት። በስፌት መኪና አይቀጠልም፤ መርፌው በገባበት ሁሉ ቀለሙ ይፈነከታል።

ወደ ሥዕሉ እንግባ። በባህላዊው አሣሣል ደጉ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዐይን፣ ጠላት ወይም ክፉ የተባለው ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ይህ ሕግ ሠዓሊውን አያስቸግረውም። በእሌኒ ታሪክ ላይ ግን ያስቸግራል። ሐድያ በዚያ ዘመን ሙስሊም ገራዶች የሚገዙት፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚገብር፣ ሲከፋው ደግሞ የሚሸፍት አገር ነበር። የዚያን ጊዜው ሐድያ ከዛሬው የሐድያ ዞን የሰፋ ነው። እሌኒ ከዚያ ቤት ወጥተው፣ ክርስትና ተነሥተው፣ በቤተ መንግሥቱ ቀኝ የተቀመጡ ሴት ናቸው። ታዲያ ክፍል 1 ላይ አባታቸው በስንት ዐይን ይሣሉ?

ግዴለሹ ሠዓሊ ገራድ መሐመድን በጎን ይሥላቸዋል፤ ልጃቸውን ብቻ በሁለት ዐይን ያወጣቸዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ ልጁን ለንጉሥ የሰጠ አማት ነው እንጂ ጠላት አይደለም። ደህናው ቅጂ አባትና ልጅን በአንድ ዓይነት ፊት፣ በአንድ ዓይነት ሰፊ ዐይን አስቀምጧቸዋል፤ ከኋላቸው እንሰት ቆሟል። እንሰቱ የዛሬውን ሐድያ ለማስታወስ የገባ ነው፤ ከሆሳዕና መጥቶ ሐዋሳ ለሚገዛ ሰው ወዲያው ይናገረዋል። እንደ ታሪክ ማስረጃ አትውሰዱት እንጂ እንደ ሥዕል ቦታው ላይ ነው።

ከ24ቱ የላቀው ክፍል 6 ነው። የገራድ መሐመድ ልጅ ማሂኮ ግብር አልከፍልም ብሎ በዘርዐ ያዕቆብ ላይ ተነሣ፤ አጎቱ ባሞ ደግሞ ለንጉሡ ታምኖ በቦታው ገራድ ሆነ። ሁለቱም የእቴጌዋ ሥጋ ናቸው። በጥሩው ቅጂ ማሂኮ በግራ በአንድ ዐይን፣ ባሞ በቀኝ በሁለት ዐይን ቆመዋል፤ እሌኒ በመካከላቸው እጃቸውን አጣምረው ወደ ተመልካቹ ያያሉ። ወንድም በአንድ በኩል፣ ዙፋን በሌላ በኩል። ሠዓሊው አንድም ቃል ሳይጨምር የዚችን ሴት ኑሮ በ22 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አስገብቶታል። በብዙ ቅጂ ላይ ግን እሌኒ ከዚህ ክፍል ጨርሶ ቀርተዋል፤ የሚታየው ተራ የጦርነት ሥዕል ነው። እንዲህ ያለውን ሸራ አትግዙ፤ ወይም ክፍሉን እንደገና እንዲሥሉላችሁ ጠይቁ። አክሪሊክ የተባለው ቀለም በነጭ ተሸፍኖ በላዩ ሊሣል ስለሚችል የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ክፍል 5 የንግሥናው ሥርዓት ነው። ጽሑፉ «ቀኝ በዓልቲሐት» ይላል፤ የቀኝ ንግሥት ማለት ነው። የንግሥና ስማቸው ዣን ዘላ ነበር፤ «ጃን ዘላ» ተብሎ ተጽፎ ብታገኙትም ስሕተት አይደለም፤ «ጃንሆይ» በሚለው ውስጥ ያለው ቃል ነው። ስሕተቱ ከኋላ ያለው ግንብ ነው። አብዛኛው ሠዓሊ ቤተ መንግሥት ሥራ ሲባል እጁ ወደ ጎንደር ይሄዳል። የፋሲል ግንብ የተሠራው ግን በ17ኛው መቶ ዘመን ነው፤ እሌኒ ከሞቱ ከ100 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ። በእሳቸው ዘመን ቤተ መንግሥት ማለት በአመዛኙ ድንኳን ነው፤ ንጉሡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከተማው አብሮ ይነሣል። ዘርዐ ያዕቆብ በመጨረሻ ዘመናቸው ረግተው የተቀመጡት ደብረ ብርሃን ነው፤ ክፍል 7 ይህንን በሚገባ አሳይቷል። ስታዝዙ «በግንቡ ፈንታ ነጭ ድንኳን» በሉ፤ ለሠዓሊው ሥራው እንዲያውም ይቀለዋል።

የሚከተለው ለማንኛውም ሠዓሊ ፈተና ነው፤ ዕድሜ። እሌኒ ስድስት ነገሥታትን አይተዋል፤ ዘርዐ ያዕቆብን ከ1434 እስከ 1468፣ በእደ ማርያምን እስከ 1478፣ እስክንድርን እስከ 1494፣ በዚያው ዓመት ጥቂት ወራት ብቻ የቆየውን ሕፃኑን ዳግማዊ ዐምደ ጽዮንን፣ ናዖድን እስከ 1508፣ ከዚያም ልብነ ድንግልን (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ሲልኩ ባለቤታቸው ከሞቱ 40 ዓመት አልፏል። ባህላዊው አሣሣል ደግሞ ፊት አያስረጅም፤ ቅዱስም ንጉሥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ፊት ይዞ ይዘልቃል። ታዲያ ክፍል 4 ላይ ክርስትና የተነሡት ወጣትና ክፍል 15 ላይ ደብዳቤ የሚያስጽፉት አሮጊት እንዴት ይለዩ?

ደህናው ቅጂ መልሱን በልብስ ሰጥቷል። በመጀመሪያው ረድፍ ፀጉራቸው ተሠርቶ ይታያል። ከክፍል 8፣ ከዘርዐ ያዕቆብ ሞት ጀምሮ፣ ነጭ ነጠላ ፀጉሩን ይሸፍናል። ከክፍል 14 በኋላ መቋሚያ ይዘዋል፤ ከግንባራቸውም ላይ ሦስት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ይህ በቂ ነው። ልጅ እንኳ ጣቱን እያሳለፈ «እዚህ አረጁ» ይላል። የእርጅናው ምልክት የሌለበት ሸራ የሚተርክላችሁ የሦስት ዓመት ታሪክ ይመስላል።

ክፍል 9 ላይ ጽሑፉን አንብቡ። በአንዳንድ ቅጂ «የበእደ ማርያም ሚስት» ይላል። ይህ ስሕተት በአንዳንድ የድሮ ጽሑፎች ላይም ስላለ ሠዓሊውን ብቻ መውቀስ አይገባም። የበእደ ማርያም ወላጅ እናት አስቀድመው ሞተው ነበር፤ ንጉሡ ሲነግሡ እሌኒን በእናት ቦታ ከፍ አድርገው አከበሩ። ትክክለኛው ጽሑፍ «እንደ እናቱ አከበራት» የሚለው ነው።

ክፍል 10 የዚሁ ንጉሥ ዜና መዋዕል ስለ እቴጌዋ ከሚናገረው የተወሰደ ነው። እዚያ የሚመሰገኑት በእምነታቸውና በጸሎታቸው ብቻ አይደለም፤ ምግብ በማዘጋጀት፣ መጻሕፍትን በማወቅ፣ በሕግ ዕውቀትና በመንግሥት ጉዳይ አስተዋይነት ጭምር ነው። ሠዓሊው አራቱን በአንድ ክፍል አጭቋቸዋል። እሌኒ መሶብ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ጭናቸው ላይ መጽሐፍ ተዘርግቷል፣ ከፊታቸው ሁለት ተከራካሪዎች ቆመዋል፣ ከኋላ መልእክተኛ ይጠብቃል። አቀማመጡ ድንቅ ነው። ግን ግድግዳው ላይ ዛላ በርበሬ ተሰቅሏል። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ እዚያ የደረሰው በ1492 ስለሆነ በበእደ ማርያም ዘመን በኢትዮጵያ ማድ ቤት ሊገኝ አይችልም። ያለ በርበሬ ወጥ መሣል ለሠዓሊው ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ቀዩን ዛላ በነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ማስቀየር ሁለት ጭረት ነው። ትምህርት ቤት የምትገዙ ከሆነ ይህን አትለፉት።

ከ1478 እስከ 1508 ያለው 30 ዓመት በሦስት ክፍሎች ብቻ ታልፏል። ያሳዝናል፤ ግን ንድፉ እንዲህ ነው። ከሦስቱ ክፍል 12 ይጠቅማል፤ በእስክንድር ቤተ መንግሥት የደረሰውን ፖርቱጋላዊ ፔሮ ዳ ኮቪላን ያሳያል። ወደ አገሩ እንዲመለስ አልተፈቀደለትም፤ ርስትና ሚስት ተሰጥቶት ኖረ። የኋላው ደብዳቤ ለምን ወደ ፖርቱጋል እንደሄደ ለልጅ ለማስረዳት ይህ ክፍል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ረድፍ የሸራው እምብርት ነው፤ ስሕተቱም የሚበዛው እዚያ ነው። ናዖድ ሲሞቱ ልብነ ድንግል 11 ወይም 12 ዓመታቸው ነበር። አገሩን የያዙት እሌኒና የልጁ እናት ናዖድ ሞገሳ ናቸው። እሌኒ የቀይ ባሕርን ንግድና የሙስሊም ኃይሎችን መጠናከር አይተው፣ መርከብ ያላት አገር ፖርቱጋል መሆኗን ተረድተው፣ ለንጉሥ ማኑኤል ኅብረት እንፍጠር፣ በጋብቻም እንዛመድ የሚል ደብዳቤ ላኩ፤ ከግማደ መስቀሉ የሆነ እንጨትም ጨመሩ። መልእክተኛው ማቴዎስ አርመናዊ ነጋዴ ነው። ምርጫው ብልህነት ነበር፤ አርመን ነጋዴ በሙስሊም ወደቦች ሲያልፍ ማንም ዐይን አይጥልበትም። ይሁን እንጂ በብዙ ሸራ ላይ ማቴዎስ ጥምጥም የጠመጠመ የአገራችን ቄስ ሆኖ ይሣላል። ያኔ ብልሃቱ ይጠፋል። የነጋዴ ካባ፣ በእጁ ጥቅል፣ ከአጠገቡ የተጫነ በቅሎ፤ ይህ ይበቃዋል።

መስቀሉ ደግሞ ሌላ ብዥታ ይፈጥራል። ሐይቅ ዳር ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ሸራውን «የቅድስት እሌኒ ታሪክ» እያሉ ይሸጡታል፤ መስከረም ላይ ደመራ ሲቀርብ በተለይ። ቅድስት እሌኒ መስቀሉን ያስቆፈሩት የቆስጠንጢኖስ እናት ናቸው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን። የእኛዋ እቴጌ ከእሳቸው በ1,100 ዓመት ያህል ይዘገያሉ። ደመራ የተሣለበት ቅጂ ካያችሁ ሠዓሊው ራሱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ዝለሉት።

አሁን ወደ ዘመን ቁጥሩ። ክፍል 17 ማቴዎስ ጎዋ ደርሶ የሕንዱን ፖርቱጋላዊ ገዥ አልቡከርክን ሲያገኝ ያሳያል፤ ጽሑፉ «1512» ይላል። ክፍል 20 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ሲወርዱ ያሳያል፤ ጽሑፉ እሱም «1512 ዓ.ም.» ይላል። ተመልካች በአንድ ዓመት ውስጥ ከሕንድ ሊዝበን፣ ከሊዝበን ምጽዋ ተደረሰ ብሎ ያስባል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1512 ነው፤ በእኛ 1505። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1520 ነው፤ በእኛ 1512። በመካከሉ ከ7 ዓመት በላይ አለ፤ የማቴዎስ መከራ ሁሉ የሚገኘውም በዚያ ውስጥ ነው። ሰላይ ነው ተብሎ በመርከብ ላይ ተንገላቷል፤ ሊዝበን የደረሰው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1514 ነው፤ ማኑኤል በክብር ተቀብለው ያንገላቱትን የመርከብ አዛዦች አሰሩ፤ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ የመልእክቱ መሪ ሆኖ የተሾመው ዱዋርቴ ጋልቫኦ እ.ኤ.አ. በ1517 ቀይ ባሕር ላይ ካማራን ደሴት ሞተ፤ ሮድሪጎ ዴ ሊማ ተተካ። ሸራው ላይ ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ክፍል 18 ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ቁጥሩ ይስተካከል። ሁሉንም በዓመተ ምሕረት አስጽፉ፤ 1426 ዘርዐ ያዕቆብ ነገሡ፣ 1500 ልብነ ድንግል፣ 1505 ጎዋ፣ 1506 ሊዝበን፣ 1512 ምጽዋ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሠዓሊው ስጡት፤ በቃል የተነገረ ቁጥር ሸራ ላይ ሲደርስ ይለወጣል።

ክፍል 20 ሌላም እንከን አለው፤ በአንዳንድ ቅጂ እሌኒ ራሳቸው ምጽዋ ወደብ ላይ ቆመው እንግዶቹን ይቀበላሉ። አልሆነም። እንግዶቹን የተቀበሏቸው የባሕር ነጋሹ (የባሕሩ ጠረፍ አገር ገዥ) ሰዎች ናቸው። ማቴዎስም ከወረዱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብረ ቢዘን ገዳም ሞተ፤ ክፍል 21 ይህንን በጸጥታ፣ በሦስት መነኮሳትና በአንድ ሻማ ብቻ አሳይቶታል። እቴጌዋ የላኩት ሰው መልስ ይዞ አገር ገብቶ፣ እፊታቸው ሳይደርስ ቀረ። ይህን ክፍል ማንም እንዳይነካባችሁ።

ክፍል 22 በጎጃም እነብሴ ያለችው መርጡለ ማርያም ናት። ጎጃም ውስጥ ሰፊ ርስት ነበራቸው፤ ቤተ ክርስቲያኗንም እዚያ አሠሩ። ሠዓሊዎች በልማድ ክብ የሣር ክዳን ቤት ይሥላሉ። የእሌኒ ሕንፃ ግን አራት ማዕዘን፣ የድንጋይ ነበር፤ በጌጥ የተቀረጹት ድንጋዮች ከፍርስራሹ ጋር ዛሬም ይታያሉ። ስታዝዙ የፍርስራሹን ፎቶ ከስልካችሁ አሳዩ። እዚሁ ክፍል ውስጥ የወርቅ ቀለም አለ። የነሐስ ዱቄት ያለበት ርካሹ የወርቅ ቀለም በሐዋሳ እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴና ወደ ቡኒ ይዞራል። ከላዩ ቫርኒሽ ካልተቀባ አትተማመኑበት፤ ደማቅ ቢጫ ይሻላል፤ ባህሉም እሱ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች የእቴጌዋ ዕረፍትና ልቅሶው ናቸው። የሞቱት ፖርቱጋሎቹ አገር ውስጥ ሳሉ ነው፤ እንግዶቹ የተመለሱት በ1526 እ.ኤ.አ. ነው። በጥሩው ቅጂ ከለቀስተኞቹ ኋላ ያ የክፍል 1 እንሰት ተመልሶ ይታያል።

ታሪኩ ከተመረመረ በኋላ ሸራው ይመርመር። አንደኛ፣ እጅ ነው ወይስ ሕትመት? የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ አጉሉት። የሕትመት ከሆነ ፊቱ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ነው፤ የቡሩሹ ዱካ ለዐይን ይታያል፣ ጣት ሲያልፍበት ግን ልሙጥ ነው። ሕትመቱን መግዛት ነውር የለውም፤ ግን በሕትመት ዋጋ ይሁን፤ ስሕተቱም እንደማይታረም ዕወቁ። ሁለተኛ፣ ነጭ ጥጥ በትንሹ አርጥባችሁ ዳር ላይ ያለውን ቀይ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ። ጥጡ ከቀላ ቀለሙ በውኃ የቀጠነ ርካሽ ነው፤ አንድ የክረምት ጠብታ ያበላሸዋል። አክሪሊክ አይለቅም። የዘይት ቀለም ከሆነ ሽታው ይነግራችኋል፤ ሽታው ገና ጠንካራ ከሆነ ውስጡ አልደረቀምና አትጠቅልሉት። ሦስተኛ፣ ጀርባውን እዩ። ቀለሙ ወደ ጀርባ ዘልቆ ከታየ ሸራው መጀመሪያ በኮላና በነጭ ቅብ አልተዘጋጀም፤ እንዲህ ያለው ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ነጩ ቅብ በጣም ከወፈረ ደግሞ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ጥግ ላይ በትንሹ ጎንበስ አድርጋችሁ ስሙት፤ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለው አይበጅም።

በፍየል ብራና ላይ የተሠራ ትንሹ፣ ባለ 8 ክፍሉም ይሸጣል። አንመክርም። 8 ክፍል ማሂኮንም፣ ኮቪላንም፣ ደብረ ቢዘንንም ያስወጣል፤ የቀረው ዘውድና መርከብ ነው። በዚያ ላይ ብራና ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ሐይቅ አጠገብ ባለ ቤት በክረምት ይረግባል፣ በበጋ ይጨማደዳል፤ ቀለሙም ከላዩ ይረግፋል። ብራናውን በጢስ አጠቁረው ያረጀ ለማስመሰል የሚሠሩም አሉ። ወደ ውጭ አገር ለሚወስድ ሰው ይህ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ ቅርስ አለመሆኑን አስረዳ ይባላል። አዲስ የሚመስል ሸራና ደረሰኝ ያዙ።

ለመንገድ ሲሆን አትጠፉት፤ አንዴ የታጠፈ መስመር በብረት ካውያ አይወጣም፣ ይብሳል። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ወፍራሙን የፍሳሽ ፒ.ቪ.ሲ ቱቦ፣ 110 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ 120 ሴንቲ ሜትር አስቆርጡ፤ ውፍረቱ 160 ሚሊ ሜትር የሆነ ካገኛችሁ ይበልጥ ጥሩ ነው። ሸራውን ቱቦው ውስጥ አትክተቱ፤ በቱቦው ላይ ጠቅልሉት፣ የተሣለው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ። ወደ ውስጥ ሲሆን ቀለሙ ይጨማደዳል፤ ወደ ውጭ ሲሆን በትንሹ ይወጠራል እንጂ አይታሽም። ከላይ ንጹሕ አቡጀዲ፣ ከዚያ ላስቲክ። ላስቲኩ ቀለሙን በቀጥታ አይንካ፤ በሻሸመኔ መንገድ ቀትር ላይ በመኪና ጣሪያ የተጫነ ሸራ ከላስቲክ ጋር ይጣበቃል። ቤት ሲደርስ ወዲያው ፍቱት።

ሐዋሳ ውስጥ የምትሰቅሉት ከሆነ በውጭ በኩል ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ላይ አይሁን። ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱ ጥግ 1 ሴንቲ ሜትር የቡሽ ወይም የእንጨት ቁራጭ ለጥፉ፤ አየር ይዘዋወር። ያለዚያ በመጀመሪያው ክረምት ጀርባው ላይ ሻጋታ ይወጣል። የከሰዓት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ፊት ለፊትም አይሁን፤ ቀድሞ የሚደበዝዘው ርካሹ ቀይ ነው፤ በዚህ ሸራ ላይ ደግሞ ቀይ የእቴጌዋ ካባ ነው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ቡሩሽ ብቻ አውርዱ። ከፍታውን በተመለከተ ፍሬም ሰቃዮች መካከሉን በቁመታቸው ልክ ያደርጉታል፤ ለዚህ ሸራ አይሆንም። የጽሑፉ ፊደል 1 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የላይኛው ረድፍ ከፍ ካለ አይነበብም። የታችኛውን ጠርዝ ከወለሉ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርጉት፤ የላይኛው ጠርዝ 180 ላይ ያርፋል፤ አዋቂ ክፍል 1ን ሳያንጋጥጥ፣ የ4ኛ ክፍል ተማሪም ክፍል 21ን ሳያጎነብስ ያነባል።